የመብላት ቀኖና

ሙያ ሁሉ ዕቃ አለው። አንጥረኛ ያለ ወናፍ፣ ሸማኔ ያለ መወርወሪያ፣ ደላላ ያለ ምላስ ምንም ናቸው። የነፍስ አባትም ዕቃ አለው፤ ዕቃውም ሰው እንደሚያስበው መስቀሉ አይደለም። መስቀልማ ቄስ ሁሉ ይይዛል። የነፍስ አባት ዕቃው ቀኖናው ነው። ሰው ኃጢአቱን ይዞ ይመጣል፣ ታዳምጡታላችሁ፣ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ፣ ከዚያ ለበደሉ ልክ የሚሆን ቅጣት ትቆርጡለታላችሁ። ሐኪም መድኃኒት እንደሚያዘው መሆኑ ነው። ልዩነቱ ሐኪም የሚሰጠው በሽተኛው ላይ ይጨመራል፣ እኛ የምንሰጠው ከበሽተኛው ላይ ይቀነሳል።

በሐሰት የማለ ይጾማል። ሚስቱን የመታ ወገቡ እስኪዝል ይሰግዳል። የጎረቤቱን ድንበር የገፋ ድንበሩን መልሶ ለድሃ ይመጸውታል። ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት፤ በቃ፣ የኛ ዕቃ ይኸው ነው። ከዚህ ውጭ የሚያውቅ ቄስ አላጋጠመኝም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ራብ ሲመጣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ እንደሚቀማን ግን የኔታም አላስተማሩኝ፣ ጳጳሱም ሲሾሙኝ አልነገሩኝ።

ብዙዎቻችሁ ራብ ሲባል ትዝ የሚላችሁ የሰባ ሰባቱ ነው። እኔ የማወራችሁ የፊተኛውን፣ የስልሳ አምስት ስልሳ ስድስቱን ነው። ያኔ ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲሄዱ በግራ በኩል፣ ዞብል ተራራ ፊት ለፊት ከሚታይበት ሜዳ ላይ ያለች የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበርኩ። ትውልዴ ላስታ ነው፤ ከደጋ ወርጄ ነው ራያ የገባሁት። የራያ ሰው ቄሱን ያከብራል። እያከበረ ይቀልድበታል እንጂ ማክበሩንስ ያከብራል።

ከተራራው በሚወርድ ጎርፍ ማሳውን ማጠጣት የለመደ አገር ነው። ያን ዓመት ዝናቡ ሲቀር ጎርፉም አብሮ ቀረ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ አረረ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሰዉም ቤቱን እየዘጋ ወደ መኪናው መንገድ ወረደ። እኔ ዘንድ ለንስሐ የሚመጣው ሰው ግን አልቀነሰም። ምን ላድርገው? ጹም እንዳልለው ጾሟል። ስገድ እንዳልለው አንዴ ከወደቀ አይነሣም። መጽውት እንዳልለው ራሱ እጁን ዘርግቷል። አንዱማ፣ ስሙን አልነግራችሁም የንስሐ ነገር ነው፣ ከፊቴ ተንበርክኮ፣ "አባ፣ ረቡዕ በጠዋቱ በላሁ" አለኝ። በደህናው ዘመን ቢሆን እገሥጸው ነበር። ያን ቀን ግን የተናዘዘ ሳይሆን የፎከረ ነው የመሰለኝ። "ምን አገኘህ?" አልኩት መስቀሌን እንደያዝኩ። ከሙያዬ አንጀቴ ቀድሞ። "በለስ" አለኝ። የት እንዳገኘው ልጠይቀው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ወደ አያ ሞላ ልምጣ። የእሳቸውን ንስሐ ማውራት ነውር አይደለም፤ ራሳቸው ገበያ ያወጡት ነገር ነውና።

ቆቦ ዳር፣ ከመኪናው መንገድ አጠገብ፣ መጠለያ ተሠራ። ቆርቆሮና ሸራ ነው። በውስጡ በግማሽ የተቆረጠ በርሜል እሳት ላይ ተጥዶ ገንፎ ይበስልበታል። ገንፎ ልበለው እንጂ ከአጥሚት የሚለየው በስሙ ብቻ ነበር። ተስፋዬ የሚባል ከደሴ የመጣ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ጭልፋውን ይዞ ይቆማል። የመጠለያው ሕግ ቀላል ነው፤ ሰልፍ ይያዛል፣ በጣሳ ይሰፈራል፣ እዚያው ይበላል። ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ ደካማው የተቀበለውን ጉልበተኛው መንገድ ላይ ስለሚቀማው።

ሴቶቹና ልጆቹ ገቡ። ወንዶቹ ግን፣ በተለይ ቤት ያላቸው፣ ማሳ ያላቸው፣ ሽምግልና የሚቀመጡት፣ አልገቡም። ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲበላ አይታይም። የሰው ዓይን ክፉ ነው ተብሎ ባልንጀራ ሲጎርስ እንኳ ጋቢ ይያዝለታል። ትልቅ ሰው ደግሞ ቆሞ አይበላም፣ መንገድ ዳር አይበላም፣ እጁን ዘርግቶ አይበላም። አሁን ቆሞ፣ መንገድ ዳር፣ እጁን ዘርግቶ እንዲበላ ነው የተጠየቀው። እናንተ "ነፍስ ልትወጣ ስትል ይህ ሁሉ ምንድን ነው?" ትሉ ይሆናል። ጠግቦ የሚጠይቅ እንዲህ ይላል።

ከወንዶቹ ሁሉ የባሱት አያ ሞላ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሞላ ተብሎ መጠራት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በደህናው ጊዜ መንገደኛ ሳይበላ ከደጃቸው አያልፍም፤ እንቢ ቸኩያለሁ ካለ ዱላቸውን አግድም ይዘው መንገዱን ይዘጉበታል። ሰው በእሳቸው ደጅ ላለማለፍ የሚዞርበት ሌላ መንገድ ነበረው ይባላል። እኒህ ሰው ናቸው እንግዲህ ጣሳ ይዘው ይሰለፉ የተባሉት። ጠዋት ጠዋት ባለቤታቸውን ትርንጎን እስከ መጠለያው ያደርሱና ራቅ ብላ ካለች ግራር ሥር ጀርባቸውን ለበርሜሉ ሰጥተው ይቀመጣሉ። እንደ እሳቸው ያሉ ሌሎች ወንዶችም በየግራሩ ሥር ተቀምጠዋል። አንድ ቀን አጠገባቸው ደረስኩና፣

"አያ ሞላ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?" አልኩ።

"አህያዋን እጠብቃለሁ።"

"አህያዋ ሞታ የለም እንዴ?"

ጥቂት አሰቡና፣ "ቦታዋን" አሉኝ።

በማግሥቱ ትርንጎ ደጄ መጣች። እግሬን ልትስም ስትል ከለከልኳት። "አባ፣ ሰውየው ሊሞትብኝ ነው" አለች። "ትናንት ሲነሣ ግራሩን ይዞ ነው። ከጣሳዬ ላጉርስህ ብለው ጥርሱን ነከሰብኝ። በነጠላዬ ደብቄ ባወጣለት ድሬሰሩ ያዘኝ። ያንቱን ቃል ካልሰማ የማንንም አይሰማ።" አላለቀሰችም። እንባ የሚፈስሰውም ውኃ ሲኖር ነው።

ሄድኩ። ስብከት ሙያዬ አይደል? በራብ ዘመን ነቢዩ ኤልያስን ቁራ እንደ መገበው፣ እሱም ከቁራ መቀበልን እንዳልናቀ፣ የቁራው እጅ የእግዚአብሔር እጅ እንደ ነበረ አሳምሬ ነገርኳቸው። አያ ሞላ በጽሞና አዳመጡኝ። ስጨርስ፣

"ቁራው ሰልፍ አላስያዘውም" አሉ።

ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም የሚሉት ይህን ነው። እሳቸው ቀጠሉ። "ይልቅ አባ፣ መጥተው የለ፣ ንስሐዬን ይቀበሉኝና ልገላገል።"

"ከምኑ ነው የሚገላገሉት?"

"ከመቀመጡ።"

መሞትን ነበር የሚሉት። ድምፃቸው እንደ ደከመው ሰው ድምፅ እንኳ አልነበረም፤ ነገሩን ቆርጠው የጨረሱት ነበር የሚመስለው። ፈራሁ። ከግራሯ ሥር ተቀመጥኩና መስቀሌን አወጣሁ።

ኃጢአታቸው ይህ ነው። በእኛ አጥቢያ የሚካኤል ማኅበር አለ። የማኅበሩ ጽዋ ከቤት ቤት በተራ ይዞራል፤ ጽዋው የገባበት ቤት ደግሞ በተራው ዳቦ ጋግሮ፣ ጠላ ጠምቆ ማኅበርተኛውን ይጠራል። አያ ሞላ ቤት ጽዋው በገባ ወር ማሽላው አረረ። ጽዋው መደብ ላይ እንደ ተቀመጠ ቀረ። ማኅበርተኛ ባለፈ ባገደመ ቁጥር እሳቸው በጓሮ ይወጣሉ። አንድ ጠዋት ግን ምርር አላቸውና ከጽዋው ፊት ቆመው እንዲህ አሉት፤ "አንተ ሚካኤል፣ ጽዋህን እኔ ቤት አስቀመጥክና ዝናቡን ይዘህ ሄድክ። እኔ የማጠጣበት ሳይኖረኝ አንተ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ከዛሬ ጀምሮ ተጣልተናል።" ብለው ጽዋውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ጽዋ ፊትና ጀርባ የለውም። እሳቸው ግን አዙሬዋለሁ ነው የሚሉት።

በንስሐ መሳቅ ነውር ነው። ጢሜን እያሻሸሁ መሬት መሬት አየሁ።

"እንግዲህ ይፍረዱብኝ" አሉ። "ምን ያህል ልጹም?"

ከመላእክት አለቃ ጋር ለተጣላ የሚሰጠው ጾም ቀላል አይደለም፤ በልማድ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል እጃቸውን አየሁት፤ የደረቀ አገዳ ነበር። አፌን ገጠምኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ያኔ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"ከነገ ጀምሮ ያንን ሰልፍ ይይዛሉ። ጣሳዎን ተቀብለው እዚያው፣ ሰው እያየዎት፣ ጋቢ ሳይከናነቡ፣ ጠርገው ይበላሉ። በየቀኑ። እኔ እስክፈታዎ ድረስ።"

"መብላት?"

"መብላት።"

"ይኼ የት ተጽፏል?"

"ሥልጣኔን ይጠራጠራሉ እንዴ?" ብዬ ተቆጣሁ። መልስ ያጣ ሰው ይቆጣል።

ከዚያ ክርክር ያዙኝ፤ ገበያ ላይ በሬ የሚገዙ ነበር የሚመስሉት። ስግደት ይሁንልኝ አሉ፤ አይሆንም አልኩ። ላሊበላ በእግሬ ልሂድ አሉ፤ አይሆንም አልኩ። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ ጋቢውን እንኳ ይፍቀዱልኝ" አሉ።

"ዋናው ቅጣት እሱ ነው።"

"ኧረ አባ፣ እኔ ሰው አልገደልኩ፣ ከሚካኤል ጋር ነው የተጣላሁ።"

ግን የራያ ሰው ከአፉ የወጣን ቃል አያጥፍም፤ ንስሐ ልግባ ካለ ቀኖናውን መቀበል ግዴታው ነው። ቀኖናውን ያልፈጸመ ሰው ቢሞት ዕዳው ለሰማይ ነው። አያ ሞላ ይህን ያውቃሉ። ለካስ እስከዚያ ድረስ ለመሞት ዝግጁ የነበሩት ምንም የሚያስቀር ሥራ ስላልነበራቸው ነው። አሁን ሥራ ተሰጣቸው።

በማግሥቱ ዱላቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ሊሰቀል እንደሚሄድ ሽፍታ እየተጎማለሉ ሰልፉ ውስጥ ገቡ። ተራቸው ደርሶ ተስፋዬ ጭልፋውን ሲያነሣ እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው አስቆሙት፤ ግራር ሥር ያሉት ወንዶች ሁሉ እንዲሰሙም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ልጄ፣ እኔ ተርቤ አይደለም። ከሚካኤል ተጣልቼ የነፍስ አባቴ ቀጥተውኝ ነው።"

ተስፋዬ ትንሽ አያቸውና፣ "ገንፎው ለሁሉም አንድ ነው፣ አባቴ" ብሎ ሞላላቸው።

ወደ ሰዉ ዞረው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በሉ። የመጀመሪያውን ዋጡ። ሁለተኛውን ዋጡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከእፍረት ይሁን ከገንፎው ትኩስነት አላውቅም። ጣሳውን በጣታቸው ጠርገው ሲጨርሱ እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ብዙ ሰው ገንዣለሁ፣ ብዙ ሰው ድሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ያለቀስኩበት ጊዜ የለም።

አሁን የመጣውን ጉድ ስሙ። በማግሥቱ ደጄ ላይ ለንስሐ የመጡ ወንዶች ተደርድረው ጠበቁኝ። ለዓመታት በሁዳዴ እንኳ ጎትቼ የማመጣቸው ናቸው። ሕዝቤ እንዲህ ልቡ የተሰበረበት ጊዜ የለም። የመጀመሪያውን፣ "ምን በደልክ?" አልኩት።

"እንጃ" አለኝ። "አንቱ አንዱን ይምረጡልኝ። ብቻ ቅጣቱ ያያ ሞላ ይሁን።"

አንዱ በሬ ሰርቄያለሁ አለኝ፤ በሬው የገዛ ራሱ መሆኑን አገር ያውቃል። ሌላው ኃጢአቱን ሲያፈላልግ ቆየና ሲጠፋበት በአባቱ ስም ልናዘዝ ብሎ ጠየቀኝ። አልመረመርኩም። ለሁሉም አንድ ቀኖና ሰጠሁ። እነሱም በሰልፉ እየገቡ፣ "ቀኖና ነው"፣ "እኔም ቀኖና ነኝ" እያሉ ጣሳቸውን ዘረጉ። ተስፋዬ ኃጢአት የዚያ አገር ወረርሽኝ ነው ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

አንድ ማለዳ ደግሞ የአያ ሞላ ጎረቤት አያ እንድሪስ መጡ። እስላም ናቸው፤ ከአያ ሞላ ጋር ማሳቸው ይዋሰናል፣ ልጅነታቸውም አንድ ላይ ነው። ከዚያ በፊት እሳቸውም ራቅ ካለች ግራር ሥር ሲቀመጡ አይቻቸው ነበር። ደጄ ላይ ተቀመጡና፣

"ቄስ፣ እኔ ለንስሐው አልመጣሁም" አሉ። "ለቅጣቱ ነው።"

"አያ እንድሪስ፣ በእርስዎ ላይ እኮ ሥልጣን የለኝም።"

"እሱስ ሐቅ ነው። ሸሁም እንዲህ ያለ ቅጣት አያውቁ።" አቀረቀሩ።  ቀና ብለው፣ "ጎረቤቴ ሐዘን ቢደርስበት አብሬው እቀመጥ የለም?" አሉ።

"ይቀመጣሉ።"

"ይኸው፣ ሞላ ቅጣት ላይ ነው። ብቻውን ሲቀጣ ግራር ሥር ቁጭ ብዬ ማየት ለጉርብትና ደግ ነው ወይ?"

"ነውር ነው እንጂ" አልኩ። "አብረው ይቀመጡ። የሚበላውንም ይብሉ፤ አለዚያ ይከፋዋል።"

"አልሐምዱሊላህ" ብለው ተነሡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ይበሉ ጀመር፤ አንዱ ሲቀጣ ሌላው ሲያጽናና። አያ እንድሪስ በየጉርሻው መሐል፣ "አብሽር ሞላ፣ ያልፋል" ይላሉ።

ሁዳዴ ሲገባ ነገሩ ሊበላሽ ነበር። ተስፋዬ የዱቄት ወተት መጣለትና ገንፎው ውስጥ በጠበጠው። አያ ሞላ ጣሳውን አሸተቱ፣ አስቀመጡት። ከኋላቸው ያለው ክርስቲያን ሁሉ ጣሳውን አስቀመጠ። ተስፋዬ ቢጮህ ቢለምን የሚሰማው ጠፋ፤ እኔን አስጠራ። ለሕመምተኛና ለደካማ ጾም እንደሚፈታ መጽሐፍ ይፈቅዳል። ግን አያ ሞላን ደካማ ነህ ማለት መርዝ ማቅረብ ነው። ስለዚህ፣ "ቀኖና ጀምሮ ማቋረጥ የለም፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው፣ ወተቱን ይጠጡ" አልኩ።

አያ ሞላ ፊታቸው ተለወጠ። "አባ፣ ጨመሩብኝ እኮ። ቀድሞ ሰው ፊት ብላ አሉኝ፣ አሁን በሁዳዴ ወተት። ምን ተገኘብኝ?" እያሉ እንደ ኮሶ ጨልጠው ጠጡት። ሌላውም ተከተላቸው።

ስለ እኔስ ለምን አልጠየቃችሁኝም? ያኔም የጠየቀኝ የለም። ቄስ ይበላል ተብሎ ይታሰባል። ቄስ ግን የሚበላው ምእመኑ ሲበላ ነው። ባለቤቴን ከነልጆቹ ላስታ አባቷ ዘንድ ሰድጃቸው ነበር። ለእኔ የቀረችኝ ቆሎ አለቀች። ሰው፣ "አባስ ቀመሱ?" ሲለኝ፣ "ቀድሻለሁ" እላለሁ፤ የቀደሰ ሰው እስኪውል አይበላም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ፣ "ጾም ነው" እላለሁ። ላለመብላት ሰበብ የማያጣ ሙያ ቢኖር ቅስና ነው። ቀኖና የሚሰጥ እጅ ጣሳ ይዞ ሰልፍ ላይ ቢታይ ሕዝቡ ምን ይለኛል እያልኩ፣ ለሌላው ሥርየት ያልኩትን ለራሴ ውርደት አድርጌው ተቀመጥኩ። የት ተቀመጡ አትሉም? የአያ ሞላ ግራር ባዶ ሆና ነበር። ሽታው እንዳይደርሰኝ ጀርባዬን ለበርሜሉ ሰጥቼ ዳዊት እደግማለሁ። ደግሜ የጨረስኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም፤ ፊደሉ እየዋለለ ያስቸግረኝ ነበር።

አንድ ቀን አያ ሞላ ጣሳቸውን እንደሞላ ይዘው፣ አንድም ሳይቀምሱ፣ ወደ ግራሯ መጡ። አያ እንድሪስም ተከትለዋል። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየን።

"አባ፣ ቀኖናው ከበደኝ" አሉ ጮክ ብለው።

"እንግዲያው ልፍታዎ?"

"የለም፣ ገና ነኝ። ግማሹን ያንሡልኝ።"

እንዲህ ያለ ወግ አለን። ደግ የነፍስ አባት ልጁ ቀኖናው ሲከብደው ግማሹን ራሱ ይሸከምለታል፤ ልጁ ግማሹን ይጾማል፣ አባቱ ግማሹን። በየዓመቱ እሰብከው ነበር። ተወዳጅ ስብከት ነው፤ ማንም ተነሥቶ "እንግዲያው ያንሡልኝ" ብሎኝ አያውቅማ።

"ጾም ነው፣ አያ ሞላ" አልኩ በቀስታ።

"እኔን ወተት ያጠጡኝ በፋሲካ ነው?"

"ቀድሻለሁ።"

አያ ሞላ ጎንበስ አሉ፤ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ፣ "መገበሪያው ስንዴ ካለቀ ስንት ጊዜው ነው፣ አባቴ? በምን ቀደሱ?" አሉኝ። ቀና ብለው ደግሞ ለሕዝቡ፣ "ይሸከሙልኛል ወይስ አይሸከሙልኝም?" አሉ።

ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አርቀህ አትቆፍር የሚባለው ለክፉ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግራሯን ይዤ ተነሣሁ። እንዴት እንደ ተነሣሁ አያ እንድሪስ አይተው ኖሮ ክንዴን ደገፉኝ። አያ ሞላን ይቅደሙኝ ብላቸው፣ "ሰልፉም የቀኖናው ነው" ብለው ከኋላ አቆሙኝ። ተራዬ ደረሰ። ተስፋዬ ጭልፋውን ከበርሜሉ ታች፣ ወፍራሙ ካለበት፣ ጨልፎ ሞላልኝ።

ጣሳውን ይዤ እንደ ልማዴ ጋቢዬን ወደ ራሴ ሳብኩ። አንድ እጅ መጥቶ መለሰው።

"ሳይከናነቡ ነው ያሉኝ" አሉ አያ ሞላ።

በላሁ። ሕዝቤ እያየኝ፣ ፀሐይ ፊቴን እየመታኝ፣ በሁዳዴ፣ ወተት ያለበት ገንፎ በላሁ። ከሥሩ ያረረ ነበር። የእናቴን ቤት ጨምሮ የትም ቤት እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም። አያ ሞላ ግማሽ ቀኖናቸውን ሲበሉ ቆዩና ተስፋዬ እንዳላየ ሆኖላቸው ለሁለተኛ ጊዜ ተሰለፉ። አያ እንድሪስ መሐላችን ተቀምጠው፣ አንዴ ወደ እሳቸው አንዴ ወደ እኔ እየዞሩ፣ "አብሽሩ፣ ያልፋል" ይሉ ነበር። አሁን ሁለት ቅጣተኛ ነው የያዙት።

አለፈም። ለብዙ ሰው ሳያልፍ ቀረ፤ እሱን ሌላ ቀን እንኳ ማውራት አልችልም። ለእኛ ግን በክረምቱ ዝናብ መጣ፣ ጎርፉ ከተራራው ወረደ፣ ማሽላው እሸት ያዘ። አያ ሞላ ጽዋውን ከግድግዳው መልሰው አዙረው፣ ማኅበርተኛውን ጠርተው፣ ከሚካኤል ጋር ታረቁ። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ደጃፋቸው ስደርስ ትርንጎ በሹክሹክታ፣ "አባ፣ እባክዎ ይፍቱልኝ፣ የአገር መሳቂያ ሆንኩ" አለችኝ። ለካ መጠለያው ከተነሣ ጀምሮ አያ ሞላ በየቀኑ ምሳቸውን ይዘው ከአጥሩ ውጭ ይወጣሉ፤ መንገደኛ እያያቸው፣ ሳይከናነቡ፣ ቆመው ጠርገው ይበላሉ። መፍታት ረስቼ ነበር።

"እግዚአብሔር ይፍታዎ" አልኳቸው እዚያው በር ላይ። መስቀሌን ተሳለሙና ተነፈሱ፤ ጭነት የወረደላቸው ነበር የሚመስሉት። ከዚያ ስንት ወር የከነከነኝን ጠየቅኳቸው። ሰው ሁሉ በልቷል ብሎ ሲያስብ እሳቸው የእኔን ነገር በምን አወቁ?

"የአህያዬን ቦታ ሲጠብቁልኝ አየሁዎት" አሉ።

ስንገባ እጄን ያዙኝ። "እርስዎንስ? ግማሹን የተሸከሙትን ማን ፈታዎ?"

እውነታቸውን ነበር። ቄስም የነፍስ አባት አለው፤ ራሱን በራሱ አይፈታም። የእኔ ላስታ ያሉ መነኩሴ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ዐርፈዋል፤ የራሳቸውን ድርሻ ለሰው ሲሰጡ ነው አሉ። ከእሳቸው ወዲህ ሌላ የነፍስ አባት ይዣለሁ። ይህችን ነገር ግን ነግሬያቸው አላውቅም፤ ይፈቱኛል ብዬ እፈራለሁ።

እንግዲህ ሰው ቤት ስገባ ይብሉ ባሉኝ ቁጥር ዐይኔን ሳላሽ ቀርቤ፣ ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ ጥዬ፣ ሳህኑን ጠርጌ የምበላውን አይታችሁ "እኒህ ቄስ ሆዳም ናቸው" ያላችሁ እንደሆነ አልቀየማችሁም። ቀኖና ላይ ነኝ።